ሰልባጅ ለምን ተወደደ? ዋጋውን ከራስ ዲካ ሆኖ ማየት

«ሰልባጅ እንኳ ተወደደ» የማይባልበት ከተማ የለም። መርካቶ ውስጥ ይባላል። ዋሽንግተን አካባቢ ቅዳሜ ቅዳሜ ጉድዊል የተባለውን የሰልባጅ መደብር የሚዞሩ ወገኖቻችን ይሉታል። ጅቡቲ ከተማም፣ የድሮው የፈረንሳዮች ሰፈር ከቡላዎስ ጋር በሚገናኝበት ገበያ፣ በአማርኛም በሶማሊኛም በአፋርኛም ይባላል። ቅሬታው አንድ ይምሰል እንጂ የሚከሰሰው በየቦታው ሌላ ነው። አዲስ አበባ ላይ ጣት የሚቀሰረው በብሩ ላይ ነው፤ አሜሪካ ላይ «በነጻ ያገኘውን አስወደደ» የሚባለው የበጎ አድራጎት ድርጅቱ ነው፤ ጅቡቲ ላይ ደግሞ ነጋዴዋ ናት። ሁሉም የየድርሻቸው አለባቸው። ድርሻቸውን ለየብቻ ለማየት ግን ከሦስቱ የሚመቸው ጅቡቲ ነው፤ ምክንያቱ ገንዘቡ ነው።

የጅቡቲ ፍራንክ እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ ከአሜሪካ ዶላር ጋር ታስሮ ይኖራል። ከ1973 ወዲህ ደግሞ አንድ ዶላር 177.721 ፍራንክ ሆኖ ቀርቷል። በዚህ ግማሽ ምዕተ ዓመት ውስጥ ብራችን ያየውን ሁሉ ያስታወሰ ሰው ይህ ቁጥር እንዴት ያለ ብርቅ እንደሆነ ይገባዋል። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው፦ ጅቡቲ ውስጥ የሰልባጅ ሸሚዝ ከ400 ፍራንክ ወደ 600 ከሄደ ነጋዴው «ዶላር ጨመረ» ብሎ ማመካኘት አይችልም። ምክንያቱ ያለው ልብሱ ታሽጎ በመጣበት ቦንዳ ውስጥ ወይም ቦንዳው በመጣበት መንገድ ላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ ተደባልቆ የሚመጣው ነገር ራስ ዲካ ላይ ተለይቶ ይታያል።

ራስ ዲካ ከቡላዎስና ከባልባላ ጋር ጅቡቲ ከተማ ከተከፈለችባቸው ሦስት ኮሚዩኖች (የአስተዳደር ክፍሎች) አንዱ ነው። መሐል ከተማውን፣ ሄሮንን፣ ፕላቶ ዱ ሰርፓንን የያዘው ይኸው ነው። ዛሬ የጁን 27 አደባባይ የሚባለውና ከነጻነት በፊት በምኒልክ ስም ይጠራ የነበረው አደባባይም እዚሁ ነው፤ የድሮ ሰው አሁንም ምኒልክ አደባባይ ይለዋል። ቪላዎቹ ውስጥ የውጭ ወታደሮችና ዲፕሎማቶች ቤተሰቦች ይኖራሉ፤ ቤታቸውን የሚያጸዱትና ልጆቻቸውን የሚይዙት ብዙዎቹ የእኛ አገር ሴቶች ናቸው። የሰልባጁ ገበያ ደግሞ ከዚያ በእግር የሚደረስ ነው። ጠዋት ይቆማል፣ ቀትር ላይ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ወደ ቤት ያስገባዋል፣ አመሻሽ ላይ እንደገና ይነቃል። ዓርብ የዕረፍት ቀን ስለሆነ የቤት ሠራተኞች ይወጣሉ፤ ፒኬ 12 በተባለው የጭነት መኪና ማቆሚያ መኪናቸውን ያቆሙ ሹፌሮቻችንም ወደ መሐል ይመጣሉ። መንገድ ዳር ጃንጥላ ዘርግተው ብርና ዶላር የሚመነዝሩት ሴቶች አጠገብ ሸራ ላይ የተቆለለው ልብስ አለ።

እዚህ ጉድዊል ወይም ኦክስፋም የሚል ታፔላ የተሰቀለበት ሱቅ አይታይም። ያም ሆኖ ክምሩ ውስጥ ካለው ልብስ አብዛኛው መነሻው ስጦታ ነው፦ አንድ ሰው ቺካጎ ወይም ሊል ወይም ሌስተር ውስጥ ቁም ሳጥኑን አጽድቶ፣ በፌስታል አድርጎ፣ «ለችግረኛ ይድረስ» ብሎ የሰጠው። ችግረኛው ዘንድ የሚደርሰው ግን በገንዘብ ነው። ብዙ ሰው የሚናደደው እዚህ ላይ ስለሆነ ከመነሻው እንጀምር።

ጉድዊልን እ.ኤ.አ. በ1902 ቦስተን ላይ የመሠረተው ኤድጋር ሄልምስ የተባለ የሜቶዲስት ቄስ ነው። ያሰበው ለድኃ ልብስ ማደል አልነበረም። ከሀብታም ሰፈር አሮጌ ልብስና የቤት ዕቃ ሰብስቦ፣ ሥራ ያጡ ሰዎች እንዲጠግኑትና እንዲሸጡት ቀጥሮ፣ ከሽያጩ ደሞዛቸውን ይከፍል ነበር። ዛሬም የድርጅቱ ዋና ሥራ ሥልጠናና ሥራ ማስያዝ ነው። ኦክስፋም በ1940ዎቹ መጨረሻ ኦክስፎርድ ከተማ ብሮድ ስትሪት ላይ ሱቅ ሲከፍት የፈለገው ሌላ አገር ላለ ረሃብተኛ የሚላክ ገንዘብ ነበር። ፈረንሳይ ውስጥ አቤ ፒየር በ1949 ያቋቋሙት ኤማዩስም እንደዚሁ ነው፦ መጠለያ ያጡ ሰዎች ያገለገለ ዕቃ እየሰበሰቡና እየሸጡ ራሳቸውን ይችላሉ። በሦስቱም ቤት ልብሱ ገንዘብ ማምጫ ነው። ሱቁ የተከፈተው ለገዢው ብሎ አይደለም፤ ገዢው በርካሽ ማግኘቱ በጎን የመጣ ጥቅም ነው።

ይህ ለእኛ እንግዳ መሆኑ አይገርምም። እኛ ዘንድ ልብስ ከታላቅ ወደ ታናሽ ይወርዳል፣ ከዚያ ለሠራተኛ ወይም ገጠር ላለ ዘመድ ይደርሳል፣ ወይም ለነፍስ ተብሎ ደጀ ሰላም ላለ ነዳይ ይሰጣል። የሚሸጠው ልብስ ሌላ መንገድ አለው፦ «ልዋጭ!» እያለ የሚዞረው ልጅ ኮቱን በሳፋና በባልዲ ይለውጠዋል፣ ቆራሌው የቀረውን ይጠራርጋል። የሚሰጠውና የሚሸጠው በሁለት የተለያዩ በሮች ነው የሚወጡት። በቅርብ ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ እንደ መቄዶንያ ያሉ ድርጅቶች ያገለገለ ልብስ ሲሰበስቡ ሰው በፈቃደኝነት የሚሰጠውም ለሚረዷቸው አረጋውያንና ሕሙማን እንደሚደርስ ስለሚያስብ ነው። ሰጥቶ ከዚያ መልሶ በዋጋ መግዛት ግን ለብዙ ሰው ያንገሸግሸዋል።

እንግዲህ ሱቁ ገንዘብ ለማምጣት የተከፈተ ከሆነ ዋጋ ቢጨምር ለምን ይወቀሳል? በከፊል አይወቀስም። ኪራይ፣ መብራት፣ ደሞዝ ጨምሯል። እንግሊዝ ውስጥ እነዚህ ሱቆች ከንግድ ቤት ግብር 80 በመቶ ቅናሽ ቢያገኙም ደሞዝና መብራቱ ቅናሽ የላቸውም። ሌላው ምክንያት ስልክ ነው። ድሮ ሱቁ ውስጥ በአምስት ዶላር የተሰቀለ የቆዳ ጃኬት ስንት እንደሚያወጣ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነበር። ዛሬ ስልኩን አውጥቶ እንደ ኢቤይና ቪንትድ ባሉ የኢንተርኔት ገበያዎች ላይ ዋጋውን የሚያይ ነጋዴ በሩ ሲከፈት ቀድሞ ይገባል፣ ጃኬቱን ያነሳል፣ በ80 ዶላር ይሸጠዋል። ድርጅቱም ይህን አየ። ጉድዊል ከ1999 ጀምሮ የራሱ የኢንተርኔት ጨረታ አለው፤ ጥሩ ጥሩው ከጓሮ ተለይቶ ወደዚያ ይሄዳል። በእኔ ግምት ይህ ትክክል ነው። ጃኬቱ ላይ ያለው ትርፍ ለነጋዴ ከሚሆን ለተመሠረተበት ዓላማ ቢውል ይሻላል።

ትክክል የማይሆነው መካከለኛው ልብስ ላይ ነው። አዲስ ሲገዛ አሥር ዶላር ያልሞላ የፖሊስተር ሸሚዝ፣ ሁለት ዓመት ተለብሶ፣ ታጥቦ ሳስቶ፣ ስድስት ሰባት ዶላር ሲለጠፍበት ይታያል። እንዲህ ያለው ሱቅ ከገዢው ኪስ ሳያስፈቅድ መዋጮ እየወሰደ ነው። ሀብታሙ ገዢ ቢከፍል ግድ የለም። ሌላ የሚሄድበት የሌለው ግን ያንኑ መዋጮ ሳያውቀው ይከፍላል።

ጥሩው በኢንተርኔት ከሄደ፣ መካከለኛው በዋጋው ምክንያት ተሰቅሎ ከቆየ፣ ወደ እኛ የሚመጣው የቱ ነው? ራስ ዲካ ክምር ውስጥ ያለ አንድ ሸሚዝ ይዘን እንየው። ስስ የጥጥ ሸሚዝ ነው፣ እጀ አጭር፣ ሰማያዊ መስመር ያለው። የአንገቱ ምልክት ላይ በቀጭን ፕላስቲክ ክር የተንጠለጠለች ቢጫ ወረቀት አለች፤ 5.99 ትላለች። ብዙ የአሜሪካ ሱቆች ልብሱ የወጣበትን ሳምንት በወረቀት ቀለም ይለያሉ። ጥቂት ሳምንት ተሰቅሎ ካልተሸጠ የዚያ ቀለም ልብስ ሁሉ በግማሽ ዋጋ ይሆናል። ከዚያም ካልሄደ ልብስ በትልልቅ ሣጥን ተዘርግፎ በሚዛን ወደሚሸጥበት ማራገፊያ ይወርዳል። እዚያም ካልተነሳ ይጠቀለልና ለጅምላ ነጋዴ በክብደት ይሸጣል። ስለዚህ ያች ቢጫ ወረቀት ሸሚዙ ስንት ሰው እጅ ላይ እንዳለፈና ሁሉም እንደተወው ትናገራለች።

የተተወ ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ ብዙ ጸሐፊ የሚስተው ይህንን ነው። ሚኒሶታ በኅዳር ማንም ያልፈለገው ስስ ጥጥ፣ ሐምሌ ላይ ከበረሃ የሚነፍሰው ነፋስ ፊት ሲገርፍ ጅቡቲ ውስጥ ከምንም ይሻላል። የሰልባጅ ንግድ በሙሉ የቆመው በዚህ ልዩነት ላይ ነው፦ አንዱ አገር ያላወቀለትን ሌላው ያውቅለታል። ችግሩ በመሐል ያሉት ነጋዴዎችም ይህን ልዩነት እያወቁ መምጣታቸው ነው።

በዓለም የጉምሩክ መጽሐፍ ያገለገለ ልብስ አንድ ቁጥር አለው፣ 6309። ከዚያች ቁጥር በስተጀርባ ግን ልብሱ ብዙ ወንፊት ያልፋል። ከአሜሪካና ከአውሮፓ የወጣው ጥቅል በቀጥታ ወደ ጅቡቲ ላይመጣ ይችላል። ሻርጃ፣ ካራቺ፣ ሕንድ ውስጥ ካንድላ ትልልቅ መለያ መጋዘኖች አሉ። እዚያ ሠራተኞች ጠረጴዛ ላይ ቆመው ሕፃን ከአዋቂ፣ ጥጥ ከናይለን፣ አንደኛ ደረጃ ከሁለተኛ ይለያሉ። «ክሬም» የሚባለው የላይኛው ተመርጦ ጥሩ ወደሚከፍል አገር ይላካል። ልብሱ ወንፊት ባለፈ ቁጥር ሁለት ነገር ይሆናል፦ የመለያው ደሞዝ በዋጋው ላይ ይጨመራል፤ ጥሩው ከውስጡ ይቀነሳል። ዋጋ ሲወጣና ጥራት ሲወርድ ሁለት የተለያየ በሽታ ይመስላል፤ መንስኤው ግን አንድ ነው።

ይህ በችርቻሮ ላይ ምን እንደሚያደርግ በሒሳብ እንየው። ቁጥሮቹ ለማስረዳት የወሰድኳቸው ናቸው። ነጋዴዋ 45 ኪሎ የወንድ ሸሚዝ ቦንዳ በ30,000 ፍራንክ ገዛች እንበል። ሳትከፍተው ነው የምትገዛው፤ ቦንዳ ዕድል ነው የሚባለው ለዚህ ነው። ስትፈታው 180 ሸሚዝ ወጣ። ሠላሳው አንደኛ ደረጃ ሆኖ እያንዳንዱ በ800 ፍራንክ ተሸጠ፦ 24,000። ዘጠናው መካከለኛ፣ በ200 ፍራንክ፦ 18,000። የቀረው ስልሳ ለመወልወያና ለጋራዥ ጨርቅ በደፈናው 2,000 አመጣ። ድምሩ 44,000 ነው፤ ከግዢው በላይ 14,000 ተረፈ። ከዚህ ላይ የተሸካሚ፣ የቦታና የረዳት ልጅ ይወጣል።

በሚቀጥለው ጊዜ ያንኑ ቦንዳ በዚያው 30,000 ገዛች። ግን ሻርጃ ያለው መራጭ እጁ ጠንክሯልና አንደኛ ደረጃው አሥራ አምስት ብቻ ሆነ፤ የጎደለው አሥራ አምስት በመካከለኛ ተተካ። በድሮው ዋጋ ብትሸጥ 12,000 ከላይኛው፣ 21,000 ከመካከለኛው፣ 2,000 ከጨርቁ፣ በድምሩ 35,000 ታገኛለች። የተረፋት 5,000 ነው። የድሮውን 14,000 ለማግኘት 9,000 ፍራንክ ከየት ታምጣ? መካከለኛውን ብታስወድድ የሚያነሳው የለም፤ አጠገቧ ያለው መደብ ያው ነገር አለው። ያላት አሥራ አምስቱ ጥሩ ሸሚዝ ነው። በእያንዳንዱ ላይ 600 ትጨምራለች። ትናንት 800 የነበረው 1,400 ሆነ፦ ሰባ አምስት በመቶ ጭማሪ፣ የቦንዳው ዋጋ አንድ ፍራንክ ሳይንቀሳቀስ።

«እህቴ፣ መጨረሻው ስንት ነው?» ስትባል «ቦንዳው እኮ እንደ ድሮ አይደለም» የምትለው ነጋዴ እያመካኘች አይደለም። ይህንኑ ሒሳብ ባጭሩ እየነገረች ነው።

ከወንፊቱ በፊትም ልብሱ ራሱ ተለውጧል። ፋብሪካዎች ከሃያና ሠላሳ ዓመት በፊት ያመርቱ ከነበረው እጅግ የበለጠ ልብስ እያወጡ ነው፤ ሰውም ልብሱን ለአጭር ጊዜ ለብሶ ይጥላል። ዛሬ በዓለም ላይ ለጨርቅ ከሚውለው ጥሬ ዕቃ ከግማሽ በላይ ፖሊስተር ነው። ፖሊስተር በብርድ አገር ምንም አይል ይሆናል፤ እርጥበትና ሙቀት አንድ ላይ ባለበት ወደብ ከተማ ግን ላብ ይይዛል፣ ሽታ ይይዛል፣ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ለጅቡቲ ገዢ የጥጥ መጠኑ ከብራንዱ ስም ይበልጣል። የሚመጣው ቦንዳ ውስጥ ጥጡ እየቀነሰ ከሆነ ዋጋው ባይጨምርም ገዢው በተመሳሳይ ገንዘብ ያነሰ ነገር እየገዛ ነው።

አውሮፓ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ያረጀ ጨርቅን ከሌላ ቆሻሻ ለይተው እንዲሰበስቡ ሕግ ያስገድዳቸዋል። ጥሩ ሕግ ነው፤ ውጤቱ ግን ሰብሳቢዎቹ እጅ ላይ የማይሸጥ ጨርቅ መከመር ሆነ። ከኤማዩስ ወገን የሆነው የፈረንሳዩ ልብስ ሰብሳቢ ለ ረሌ በጁላይ 2025 መሰብሰቡን አቆመ፤ ሠራተኞቹ ጆንያ ጆንያ ልብስ ትልልቅ መደብሮች በር ላይ ዘርግፈው ተቃወሙ። ከአምራቾች መዋጮ የሚያገኙት በቶን 156 ዩሮ ነበር፤ መለየቱ የሚፈጅብን 304 ዩሮ ነው አሉ። ጀርመን ውስጥም ትልቁ የልብስ መለያ ኩባንያ ሶኤክስ ቀደም ብሎ በ2024 ኪሳራ አስመዝግቧል። የማይጠቅመው የሚጣልበትን ወጪ አንድ ሰው መክፈል አለበት። አምራቹ ካልከፈለ የሚጠቅመው ቦንዳ ላይ ይጫናል፤ የሚጠቅመውን ቦንዳ የሚገዛው ደግሞ እኛ አካባቢ ያለ ነጋዴ ነው።

ስለ ፍራንኩ ያልኩት ላይ አንድ ቀዳዳ አለ። ፍራንኩ የታሰረው ከዶላር ጋር እንጂ ከዩሮ ጋር አይደለም። በ2022 መገባደጃ ዩሮ ከዶላር በታች ወርዶ ነበር፤ በ2025 አጋማሽ 1.17 ዶላር ገደማ ደረሰ። በዩሮ የተዋዋለ የጅቡቲ አስመጪ ምንም ሳያደርግ ዕቃው በአንድ አምስተኛ ገደማ ተወደደበት። በዚያ ላይ መንገዱ አለ። የየመን የሁቲ ታጣቂዎች በኖቬምበር 2023 መርከብ ማጥቃት ከጀመሩ በኋላ ትልልቆቹ የመርከብ ድርጅቶች ቀይ ባሕርን ትተው በደቡብ አፍሪካ ዞሩ። ከማርሴይ የሚነሳ ኮንቴይነር ስዊዝን አልፎ ጅቡቲ መግባት ሲገባው አህጉሩን ሁሉ ዞሮ መምጣት ጀመረ። ከዱባይና ከሻርጃ የሚመጣው ግን ባብ ኤል መንደብን ማለፍ አያስፈልገውም፤ የጅቡቲ ወደብ ከወሽመጡ በዚህ በኩል ነውና። ጥቃቱ እንግዲህ ሚዛኑን ወደ ባሕረ ሰላጤው ነጋዴ አጋደለው። ያ ነጋዴ ደግሞ ከሁሉ አጥብቆ የሚመርጠው ነው።

ወደ ኢትዮጵያ ስንሻገር ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። አገራችን ያገለገለ ልብስ ለንግድ ማስገባት ትከለክላለች። ልብሱ ግን ይገባል፤ የጉምሩክ ኮሚሽን በየሳምንቱ ከሚያወጣው የተያዘ ኮንትሮባንድ ዝርዝር ላይ አልባሳት ጠፍተው አያውቁም። በድንበሩ በደወሌ በኩል ይሁን በሌላ፣ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ሲደርስ የተጨመረበት የመኪናው ኪራይ ብቻ አይደለም። መንገድ ላይ ሊያዝ የሚችልበት ሥጋትም ዋጋ አለው። ከአሥር ቦንዳ ሁለቱ ይያዛሉ ብሎ የሚያስብ ነጋዴ የሁለቱን ኪሳራ በስምንቱ ላይ ያከፋፍለዋል። አዲስ አበባ ያለው ገዢ ለራሱ ሸሚዝ ብቻ ሳይሆን ደወሌ ላይ ለተያዘውም ይከፍላል ማለት ነው።

ብሩስ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ የባንኩ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በወራት ውስጥ 120ን አለፈ። ብዙ ሰው የሰልባጁን መወደድ በሙሉ ለዚያ ቀን ይሰጣል። እኔ እጠራጠራለሁ። ኮንትሮባንድ ከድሮም በባንክ ዋጋ ተገዝቶ አያውቅም፤ ቦንዳው የሚተመነው በጥቁር ገበያው ዶላር ነው፤ እሱ ደግሞ ከዚያ ቀን በፊትም መቶን አልፎ ነበር። ባንኩ ጥቁር ገበያው ወደነበረበት ሄደ እንጂ ቦንዳው በአንድ ሌሊት እጥፍ አልሆነም። የሰልባጅ ዋጋ ከዚያ ቀን ቀደም ብሎ፣ ቀስ እያለ ነበር የሚወጣው። በዚህ ላይ የራስ ዲካው ጭማሪ ሲደመር ገዢው ሁለቱን መለየት አይችልም፤ ሁሉም «ዶላሩ» ይባላል።

በዚህ መንገድ ላይ አንድ የሚያስቅ ዕቃ አለ፣ ካፖርት። ጅቡቲ ውስጥ ክረምትም በጋም የማይለበስ፣ ከፊንላንድ ወይም ከካናዳ የመጣ ወፍራም የሱፍ ካፖርት ሙቀቱ አርባ ዲግሪ በሆነበት ሸራ ላይ ተዘርግቶ ይታያል። ከገዢዎቹ አንዱም ራስ ዲካ ላይ አይለብሰውም። ደብረ ብርሃን ነው የሚለበሰው፣ ደሴ ነው፣ ጠዋት ጠዋት አዲስ አበባ ነው። የሚተመነውም በደጋው ብርድ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሲቃረብ የበረሃው ከተማ ውስጥ የሱፍ ካፖርት የሚወደደው ለዚህ ነው።

ክልከላው ይጠቅማል ወይ የሚለው የራሱ ክርክር አለው። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2016 ሰልባጅን ደረጃ በደረጃ ለማስቀረት ተስማምተው ነበር። ሩዋንዳ ቀረጡን በኪሎ ከ20 የአሜሪካ ሳንቲም ወደ 2.50 ዶላር አወጣች፤ የአሜሪካ ያገለገለ ልብስ ነጋዴዎች ማኅበር ከሰሰ፤ ሌሎቹ አገሮች አፈገፈጉ፤ በ2018 ዋሽንግተን የሩዋንዳን ልብስ አጎዋ ከተባለው፣ ለአፍሪካ አገሮች ከሰጠችው ከቀረጥ ነጻ መብት አገደች። በበጎ ፈቃድ የተሰጠ ልብስ የንግድ ጦርነት እስኪያስነሳ ድረስ ገንዘብ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ አላገኘሁም። ኢትዮጵያ ከለከለች፣ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለውጭ ገበያ ሰፋች፤ ከአጎዋ ግን በሌላ ምክንያት በጃንዋሪ 2022 ወጣች። ሐዋሳ የሚሰፋው ለአሜሪካና ለአውሮፓ መደብር ስለነበር ሰልባጅ ለባሹን የሚያለብስ ርካሽ የአገር ውስጥ ልብስ በበቂ አልተገኘም። ክልከላው ከእነ ሰልባጁ ቀጥሏል።

አሁን ገዢውን የሚመለከተው ይቀራል፦ ያወጣው ገንዘብ ያዋጣዋል? መለኪያው የተለጠፈው ዋጋ አይደለም፤ ልብሱ ከአሁን በኋላ ስንት ጊዜ ይለበሳል የሚለው ነው። በ600 ፍራንክ የተገዛ ቲሸርት አንገቱ ላልቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ብቻ ቢለበስ እያንዳንዱ ቀን 50 ፍራንክ ፈጀ። አጠገቡ በ1,000 ፍራንክ የተሸጠው አዲስ የቻይና ቲሸርት ሠላሳ ጊዜ ቢችል 33 ፍራንክ ነው። የቻይናው አዲስ ልብስ ለሰልባጁ ዋጋ ጣሪያ ሆኗል፤ ሰልባጁ ወደ ጣሪያው በተጠጋ ቁጥር የመግዣው ምክንያት ይጠፋል። ቲሸርትና ስስ የሴት ሸሚዝ ላይ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል ብዬ አምናለሁ።

ሌላው ላይ ግን አልጠፋም። የሕፃን ልብስ አሁንም ያዋጣል፤ ሕፃን ልብሱን ሳይጨርሰው ያድጋልና ቦንዳ ውስጥ ሲደርስ ዕድሜው ገና ነው። ጂንስ ያዋጣል፣ በተለይ የማይለጠጠው የድሮው ወፍራም። ካፖርት ያዋጣል፤ ያን ያህል ሱፍ በአዲስ ዋጋ የሚገዛ ማን አለ? የጥጥ አንሶላም ያዋጣል፤ ታጥቦ ታጥቦ የለሰለሰ ጥጥ ለሙቀት አገር ከአዲሱ ይሻላል። ላስቲክ ያለበት ነገር ሁሉ ግን ይታሰብበት። የወገብ ላስቲክ በኮንቴይነር ሙቀት ይሞታል፤ ሲገዛ የተወጠረ ይመስላል፣ ሁለት ጊዜ ሲታጠብ ይረግፋል።

ከሁሉ የሚከፋው ጫማ ነው። የአንዳንድ ስፖርት ጫማ መሐከለኛ ሶል የሚሠራው ፖሊዩሬቴን ከሚባል ቁስ ነው። ይህ ቁስ ሳይለበስም፣ በተቀመጠበት፣ እርጥበትና ሙቀት እየበላው ይፈረፈራል። አንድ ሰው ኦሃዮ ውስጥ ሦስት ዓመት ቁም ሳጥን ውስጥ ያስቀመጠው፣ ከዚያ መጋዘን፣ ከዚያ የብረት ኮንቴይነር ውስጥ ሳምንታት የቆየ ጫማ ላዩ አዲስ ይመስላል፤ ክምሩ ውስጥ በጣም የሚወደደውም እሱ ነው። ከመክፈል በፊት ጫማውን ገልብጦ ሶሉን በአውራ ጣት ጠንከር አድርጎ መጫን፣ ከዚያም ከመሐል ማጠፍ ነው። መልሶ ካልተነሳ ወይም ጥቃቅን ስንጥቅ ካሳየ ፒኬ 12 እንኳ ሳይደርስ ይለያያል። ነጋዴዋ ይህን ታውቃለች፤ ገዢው ሶሉን ሲጫን ካየች ዋጋውን ራሷ ትቀንሳለች።